ስለ ርእስ አጻጻፍ፤ ካፒታል ፊደል ባለው ጽሕፈትና በሌለው ጽሕፈት



በየዓመቱ በምናወጣው በዚህ መጽሔት ላይ አንዳንዶቻችን ግጥም፣ አንዳንዶቻችን ተረት፣ ሌሎቻችንም ስለ አገራችን ታሪክ እንጽፋለን። እኔ ዘንድሮ ለመጻፍ የመረጥሁት ግን እጅግ ትንሽ የምትመስል ነገር ናት። ይኸችውም በክፍል ውስጥም ሆነ በእንግዶች ፊት በስላይድ ስናስረዳ ርእሱን በምን ዓይነት ፊደል እንጻፍ የምትለው ጥያቄ ናት። ነገሩ ቢያንስም የሚያመጣው አለመግባባት ትንሽ አለመሆኑን ወደ ኋላ በምሳሌ አሳያለሁ።

እንደምናውቀው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛውን ትምህርታችንን የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አንዱ ተማሪ ሰኞ ዕለት የባዮሎጂ ስላይድ በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል፤ ማክሰኞ ደግሞ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስላይድ በአማርኛ ይሠራል። የወላጆች ቀን ሲደርስም እናትና አባት እንዲረዱት ሁሉን ወደ አማርኛ ይመልሳል። እጁ ከአንዱ ጽሕፈት ወደ ሌላው ሲመላለስ፣ በአንዱ የለመደውን በሌላው ላይ ሊጭን ይቃጣዋል። የእንግሊዝኛው ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ የእኛው ፊደል የለውም። ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በመጀመሪያ ካፒታል የሚባለው ፊደል ምን ሥራ እንደሚሠራ እንመልከት። የጥንት ሮማውያን በድንጋይ ላይ ሲቀርጹ የነበሩት ዛሬ ካፒታል በምንለው ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ «ስሞል» የምንለው የትንንሹ ፊደል መልክ ተስተካክሎ በአውሮፓ የተስፋፋው ዘግይቶ፣ በንጉሡ በሻርለማኝ ዘመን፣ በ800 ዓመተ ምሕረት ገደማ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ዓይነት አብረው መኖር ጀመሩ። የማተሚያ መኪና ሲመጣም ፊደል ለቃሚዎቹ ትልልቁን የእርሳስ ፊደል በላይኛው ሣጥን፣ ትንንሹን በታችኛው ሣጥን ያስቀምጡ ነበርና፣ እንግሊዞች እስከ ዛሬ «አፐር ኬዝ» እና «ሎወር ኬዝ» ማለታቸው ከዚያው ከሣጥኑ የቀረ ነው።

የካፒታል ፊደል ዋና ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው «ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል» ብሎ ማመልከት ነው፤ የዐረፍተ ነገር መጀመሪያ በትልቅ ፊደል የሚጻፈው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው «ይህ የተጸውዖ ስም ነው» ብሎ ማመልከት ነው፤ የሰው፣ የአገር፣ የወንዝ ስም በትልቅ የሚጀመረው ስለዚህ ነው። እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለያይቶ ማየት እጅግ ይጠቅማል። በአማርኛ አንዱን ሥራ በአንድ መንገድ፣ ሌላውን በሌላ መንገድ እንሠራዋለንና።

የአንደኛውን ሥራ አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ በቀለም ይሠሩት ነበር። ከእኛ መካከል የደብር ብራና ያላየ ያለ አይመስለኝም። ጸሐፊው በመቃ ብዕር ሐተታውን በጥቁር ቀለም ይጽፍና የምዕራፉን መጀመሪያ መስመሮች በቀይ ያደርጋቸዋል። ከዚህም በቀር የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳኑም ስም ሲመጣ ጥቁሩን ትቶ ቀዩን ይጠቅሳል። በመጽሐፉ ራስ ላይም ሐረግ ይሥላል። ልብ ብለን ስናየው ቀዩ ቀለም ካፒታል የሚሠራውን ሁለቱንም ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ መጀመሪያን ያሳያል፣ የከበረውንም ስም ለይቶ ያወጣል። ልዩነቱ፣ የጸሐፊው ቀይ ቀለም ክብርን የሚከተል እንጂ ለማንኛውም ስም የሚሰጥ አለመሆኑ ነው። የመንደርና የገበያ ስም በጥቁር ይቀራል።

ፊደላችን በሮማ ከተማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1513 ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪና ሲታተም፣ የታተመው መጽሐፈ ዳዊት በቀይና በጥቁር ቀለም ነበር። አታሚዎቹ የብራናውን ልማድ ወደ ወረቀት ማዛወራቸው ነው። ከዚያም በኋላ ከዚሁ ከሸዋችን፣ ከደብረ ሊባኖስ ገዳም የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ እዚያው ሮማ አሳትመዋል። ነገር ግን በሁለት ቀለም ማተም ድካሙም ዋጋውም ብዙ ነው። በ1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «ብርሃንና ሰላም»፣ በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተውም «አዲስ ዘመን» ለዕለት ሥራ በቀለም ፈንታ የፊደልን መግዘፍ ይጠቀሙ ነበር፤ ርእሱ በትልቅ፣ ሐተታው በትንሽ ይለቀማል። የጽሕፈት መኪና በየቢሮው ሲገባ ደግሞ መኪናው የፊደሉን መጠን መለወጥ ስለማይችል ከርእሱ ሥር መስመር ማስመር ተለመደ። እንግዲህ ቀለም፣ መጠን፣ መስመር ሦስቱም አንድ ሥራ ለመሥራት የመጡ ናቸው።

የሁለተኛው ሥራ፣ ማለት ስምን ከተራ ቃል የመለየቱ ነገር፣ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። የእኛ ስሞች ብዙዎቹ ትርጉም ያላቸው ቃላት ናቸውና። ተስፋ፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ብርሃን የሰው ስሞች ናቸው፤ የነገርም ስሞች ናቸው። በንግግር ጊዜ ግሡ ያድነናል፤ «ሰላም መጣች» ያለ ሰው ስለ ልጅቱ፣ «ሰላም መጣ» ያለ ደግሞ ስለ ዕርቁ መናገሩ ይታወቃል። ርእስ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ግሥ የለም። «የሰላም ጥያቄ» ብለን ስላይድ ላይ ብንጽፍ አንባቢው የልጅቱን ጥያቄ ነው ወይስ የአገርን? ከታች ያለውን ሐተታ ሳያነብ ሊያውቅ አይችልም።

የአገራችንማ ስሞች የባሱ ናቸው። መሐል ሜዳ ከተማ ነው፤ ቃሉ ግን የሜዳ መካከል ማለት ነው። የመርሐ ቤቴው ዓለም ከተማ፣ ደብረ ብርሃንም እንዲሁ እየተፈቱ ይነበባሉ። ጓሳም በእኛ በመንዞች አፍ ሁለት ነው። አንደኛው ሣሩ ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳም የሚሠራበት። ሁለተኛው ሣሩ የሚበቅልበት ደጋው ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ የአካባቢው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በራሱ ሥርዓት እየከለለ የጠበቀው። እንግዲህ አንድ ተማሪ «የጓሳ ጥቅም» የሚል ርእስ ቢያወጣ ስለ ክዳን ሊነግረን ነው ወይስ ስለ ጥብቅ ቦታው? በእንግሊዝኛ ቢሆን ሣሩን በትንሽ ፊደል፣ ቦታውን በትልቅ ፊደል ጀምሮ ይገላገለው ነበር።

ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን የሆነውን ላስታውሳችሁ። አንድ ተማሪ ስለ ምንጮች አጠባበቅ ጥሩ ጥናት አዘጋጅቶ ነበር። የስላይዱ ርእስ «የመሐል ሜዳ ምንጮችን ማጠር» ይላል። ተማሪው ገና ሁለተኛውን ስላይድ ሳይገልጥ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣

«ልጄ፣ የሜዳችንን ምንጭ ልታጥሩት ነው እንዴ? ከብቱ ታዲያ የት ይጠጣ?» ብለው ጠየቁ።

አዳራሹ ሳቀ። ተማሪው ግን በትሕትና፣ «አባባ፣ ከተማውን ማለቴ ነው እንጂ የእርስዎን ሜዳ አይደለም» ብሎ መለሰ። ሽማግሌው ቢቀመጡም ነገሩ እንዳልተዋጠላቸው ከፊታቸው ይታወቅ ነበር። እኔ በበኩሌ የሳቁት ሰዎች አልተገባቸውም እላለሁ። ሽማግሌው ያነበቡት በትክክል የተጻፈውን ነው። በእኛ አገር ደግሞ የከብት ውሃ መታጠር ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው በወሬው ብቻ እንቅልፍ ያጣል። ርእሱ «በመሐል ሜዳ ከተማ ዙሪያ ያሉ ምንጮች አጠባበቅ» ቢባል ኖሮ አንድም ሰው ባልተነሣ ነበር።

መድኃኒቱም ከዚህ ይገኛል። ካፒታል የሌለው ቋንቋችን ስምን የሚለየው አጠገቡ በሚያቆመው ቃል ነው። ለሰው አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት፣ መምህር፣ ተማሪ እንላለን። ለቦታ ከተማ፣ ወረዳ፣ ወንዝ፣ ተራራ እንላለን። ለጋዜጣና ለመጽሐፍ ደግሞ ትምህርተ ጥቅስ እናደርጋለን፤ ከላይ «አዲስ ዘመን» ብዬ በጥቅስ ውስጥ ያስገባሁት አዲስ የመጣ ዘመን መስሎ እንዳይነበብ ነው። «የጓሳ ሣር ጥቅም» እና «የጓሳ ጥብቅ ቦታ ጥቅም» ብሎ መለየት አንዲት ቃል ወይም ሁለት ቃል ብቻ ይጨምራል። ስላይድ ላይ ቃል ማብዛት አይገባም የሚለውን ምክር አውቃለሁ፤ ትክክልም ነው፤ ይህችን ቃል ግን አትቆጥቡ።

ወደ እንግሊዝኛው ስላይድ እንመለስ። በዚያ ጽሕፈት ርእስ የሚጻፍበት ልማድ ሦስት ነው። አንዱ ሁሉንም ፊደል ካፒታል ማድረግ ነው። ሁለተኛው የዋና ዋናዎቹን ቃላት መጀመሪያ ብቻ ካፒታል ማድረግ ነው፤ ይህን «ታይትል ኬዝ» ይሉታል። ሦስተኛው ልክ እንደ ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያውን ቃልና የተጸውዖ ስሞችን ብቻ በካፒታል መጀመር ነው፤ ይህንም «ሴንተንስ ኬዝ» ይሉታል።

ለምሳሌ ያህል «ዘ ኢትዮጵያን ዎልፍ ኦፍ ጓሳ» የሚለውን ርእስ፣ ማለት የጓሳው ቀይ ቀበሮ የሚለውን እንውሰድ። በደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ እየጻፋችሁ ተከተሉኝ። በታይትል ኬዝ «ዘ»፣ «ኢትዮጵያን»፣ «ዎልፍ» እና «ጓሳ» በትልቅ ይጀመራሉ፤ «ኦፍ» ብቻ በትንሽ ይቀራል። በሴንተንስ ኬዝ ግን «ዘ» መጀመሪያ ስለሆነ፣ «ኢትዮጵያን» ከአገር ስም የወጣ ስለሆነ፣ «ጓሳ»ም የቦታ ስም ስለሆነ በትልቅ ይጀመራሉ፤ «ዎልፍ» ተራ ስም ነውና በትንሽ ይጻፋል። «ኢትዮጵያን» ቅጽል ነው ብሎ በትንሽ የሚጀምር ተማሪ አይጠፋም፤ ከአገር ስም የወጣ ቅጽል ግን በእንግሊዝኛ ሁልጊዜ በትልቅ ነው።

እኔ ለእኛ ለተማሪዎች የምመርጠው ሦስተኛውን ነው። ምክንያቴም ይህ ነው። በሴንተንስ ኬዝ ሁለቱም የካፒታል ሥራዎች ሳይበላሹ ይኖራሉ፤ መጀመሪያውም ይታወቃል፣ ስሙም ከተራው ቃል ይለያል። በታይትል ኬዝ ግን ተራውም ቃል በካፒታል ስለሚጀምር ስሙ የቱ እንደሆነ ይደበዝዛል። ከዚህም ሌላ ደንቡ አስቸጋሪ ነው። «ኢዝ» የምትለው ቃል ባለ ሁለት ፊደል ብትሆንም ግሥ ናትና በትልቅ ትጀመራለች፤ ተማሪው ግን አጭር መሆኗን አይቶ በትንሽ ይተዋታል። ሊቃውንቱም ራሳቸው አይስማሙም። «ፍሮም» የምትለዋን ባለ አራት ፊደል መስተዋድድ የአሜሪካ ሥነ ልቡና ማኅበር መመሪያ በትልቅ ጀምሩ ይላል፤ የቺካጎው መመሪያ በትንሽ ይላል። በእነርሱ ዘንድ ያልተቋጨ ክርክር ውስጥ እኛ ስለምን እንገባለን? መምህሩ ታይትል ኬዝ ብለው ካዘዙ ግን መታዘዝ ነው፤ ያን ጊዜ ከአንድ መመሪያ ሳይወጡ እስከ መጨረሻው ስላይድ መዝለቅ ይገባል።

ሁሉን በካፒታል መጻፍ ከሁሉ የባሰ ነው። ብዙ ተማሪ ርእሱ እንዲጮህለት ብሎ ይህን ይመርጣል። የእንግሊዝኛው ትንንሽ ፊደል አንዳንዱ አንገቱን ወደ ላይ ያወጣል፣ አንዳንዱ እግሩን ወደ ታች ይሰድዳል፤ ቃሉ በዚህ መልክ ይይዝና ዐይን ቶሎ ያውቀዋል። በካፒታል ብቻ ሲጻፍ ግን ሁሉም እኩል ቁመት ሆኖ እንደ ግንብ ይቆማል። ትርጉምም ይሰወራል። ደብልዩ፣ ኤች፣ ኦ የሚሉት ሦስት ፊደሎች በትንሽ ሲጻፉ «ማን» የሚል መጠይቅ ናቸው፤ በትልቅ ሲጻፉ የዓለም የጤና ድርጅት ምኅጻረ ስም ናቸው። እንግዲህ ሁሉን በካፒታል የጻፈ ተማሪ «በሽተኛን የሚረዳ ማን ነው?» ማለቱ ይሁን «የዓለም የጤና ድርጅት በሽተኛን ይረዳል» ማለቱ ይሁን የሚለየው በጥያቄ ምልክቱ ብቻ ይሆናል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ላለ ሰው አይታይም።

በኮምፒዩተሩ በፓወር ፖይንት ውስጥ ይህን ሁሉ የምትለዋውጥ አንዲት ቁልፍ አለች፤ ትልቁ «ኤ» እና ትንሹ «ኤ» ጎን ለጎን የተሣሉባት ናት። ጽሑፉን መርጣችሁ ስትጫኗት አምስት ምርጫ ትዘረጋለች። ሴንተንስ ኬዝ የሚለውን ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ፤ መኪናው ጓሳ የቦታ ስም መሆኑን አያውቅም፤ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ አተልቆ የቀረውን ያሳንሰዋልና ስሞቹን በእጃችሁ መመለስ ይኖርባችኋል። ይህችኑ ቁልፍ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ብትጫኗት ምንም አይሆንም። ተበላሽታ አይደለም። በኮምፒዩተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ የእንግሊዝኛው ትልቁ «ኤ» 65፣ ትንሹ «ኤ» 97 ነው፤ ቁልፏ የምታደርገው አንዱን ቁጥር በሌላው መተካት ነው። ፊደላችን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም መዝገብ ሲገባ ለ«ሀ» የተሰጣት ቁጥር 4608 ብቻ ነው። የምትተካበት ሌላ ቁጥር የላትም።

በነገራችን ላይ፣ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሆነ እንደ እንግሊዝኛው ትልቅና ትንሽ አለው። ይህ ፊደል በ1984 ዓ.ም. በይፋ ከተመረጠ ወዲህ ትምህርት ቤቶች ይማሩበታል። ከሰላሌ በኩል የመጡ ጓደኞቻችን እንዳሳዩኝ፣ በሁለት ፊደል የሚጻፈው ድምፅ በስም መጀመሪያ ሲመጣ የፊተኛው ፊደል ብቻ ትልቅ ይሆናል።

አሁን የአማርኛውን ስላይድ እንዴት እንሥራ? አንዳንድ ተማሪ ካፒታል ለመምሰል ብሎ የእያንዳንዱን ቃል መጀመሪያ ፊደል ያገዝፋል። ይህ ለመጽሔት ሽፋን ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ለስላይድ ግን አልወደውም፤ የእኛ አንባቢ ከዚያ የሚያገኘው ትርጉም የለምና። ሌላው ፊደሉን ያዘነብላል። ይህም አይጠቅምም። የ«ሉ» እና የ«ሊ» ልዩነት አንዲት ቅጥል ናት፤ የ«ቀ» እና የ«ቄ» ልዩነት አንዲት ቀለበት ናት። ፊደሉ ሲዘነበል እነዚህ ምልክቶች ከአጠገባቸው ካለው ጋር ይደባለቃሉ። ማወፈር ከማዘንበል ይሻላል፤ ነገር ግን ሁሉ የፊደል ዓይነት የራሱ ወፍራም መልክ የለውም፤ የሌለውን ኮምፒዩተሩ በግድ ሲያወፍረው የ«ሴ» ቀለበት ተደፍኖ ነጥብ ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው በነጻ የሚገኝ ፊደል የራሱ የሆነ ወፍራም መልክ ስላለው እርሱን ብትይዙ ከዚህ ትድናላችሁ።

መጠኑ ከሁሉ ይበልጣል። የአማርኛ ፊደል ጥቅጥቅ ያለ ነውና እንግሊዝኛው በ24 የሚነበብበት ክፍል አማርኛው 28 ሳይፈልግ አይቀርም። ርእሱን ወደ 40 ብታደርሱት ያለ ሌላ ጌጥ ርእስነቱ ይታወቃል። ቀለም መጨመር የሚወድ ሰው እንደ ብራና ጸሐፊው ቀይን በነጭ ወይም በገረጣ መደብ ላይ ያድርግ፤ ቀይ በሰማያዊና በአረንጓዴ መደብ ላይ ይሞታል። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎችም በመካከላችን ስላሉ ርእሱ በቀለም ብቻ ሳይሆን በመጠንም ይለይ። ብራናው ላይ ቀዩ ያማረው ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ስድስቱንም መስመር ቀይ ያደረገ ተማሪ ርእሱን መልሶ ሰወረው ማለት ነው።

ስለ ነጥብም ጥቂት ልበል። በርእስ መጨረሻ አራት ነጥብ አይደረግም። ከርእሱ ሥር ዝርዝር ሲመጣ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ማድረግ ይበቃል። ፊደላቱ በድምፅ ስለሚመሳሰሉ «መሐል ሜዳ» ብሎ የጀመረ እስከ መጨረሻው እንደዚያው ይጻፍ፤ በአንዱ ስላይድ «መሐል»፣ በሌላው «መሀል» ቢል ኮምፒዩተሩ ሁለት ልዩ ቃላት ናቸው ብሎ ይቆጥራቸዋል፤ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይገኝም።

መብራት በጠፋ ቀን ወይም ፕሮጀክተር በሌለበት ክፍል ይህ ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሠራል። ልዩነቱ በቀለሙ ነው፤ ቀይ ጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከኋላ ወንበር አይታይም። ርእሱን በቢጫ ጠመኔ፣ ከሐተታው እጥፍ አግዝፋችሁ ጻፉት፤ ሐተታውን በነጭ ጠመኔ አስከትሉ፤ የቦታ ስም ሲመጣም ከተማ ወይም ወረዳ የምትለዋን ቃል አትርሱ።